የማትተኛዋ ታብሌት፦ ከማራኪ እስከ ደባርቅ ማዶ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

ከጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር የተነሳሁት አንዲት ታብሌት ለማስተኛት ነው። ልጅ ለማስተኛት መቶ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ላፕቶፔን አንግቼ፣ በገመድ የታጨቀ ቦርሳዬን አቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማራኪ ውስጥ ሦስት ሆነን የምንሠራባት አንዲት ክፍል አለችን። ጠባብነቷን ለመግለጽ ያህል፣ ሦስታችን እኩል ከተነፈስን በሩ በራሱ ይከፈታል። ሥራችን ለገጠር ጤና ባለሙያዎች የሚታደሉ ታብሌቶችን ለቦታው እንዲስማሙ ማድረግ ነው። የኔ ድርሻ ድራይቨር መጻፍ ነው። ድራይቨር በታብሌቷ አንጎልና በአካሎቿ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ በሉት፤ አንጎሏ "ሥራ የለም፣ እንተኛ" ሲል ለስክሪኑም ለባትሪውም ለቻርጀሩም በየቋንቋቸው የሚነግራቸው እሱ ነው። አስተርጓሚው ከተሳሳተ ታብሌቷ ስክሪኗን አጨልማ የተኛች ትመስላለች እንጂ ውስጥ ውስጡን ባትሪዋን ስትግጥ ትውላለች።

ማራኪ ላይ የኔ ታብሌቶች ሦስት ቀን ይቆያሉ። ከደባርቅ ማዶ በምትገኝ አንዲት ደጋ ቀበሌ ያለችው ግን ጠዋት ጠግባ እኩለ ቀን ሳይሆን ትሞታለች። የያዘቻት ባንቻምላክ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። አለቆቿ "ፊልም እያየችበት ነው" ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈውባታል። ዓርብ ኮሚቴ ተቀምጦ ታብሌቷን ሊቀማት፣ እሷንም ከቀበሌዋ ሊያነሳት ነው። ከኔ የሚፈልጉት ባለ አንድ መስመር ወረቀት ነው፦ ዕቃው ደኅና ነው ወይስ አይደለም። ለአንዲት መስመር ይሄን ሁሉ መንገድ የሄደ ጸሐፊ ከኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

መናኸሪያው ውስጥ "አንድ ሰው የቀረው" የተባለው ሚኒባስ አንድ ሰው የቀረው ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነበር። በመጨረሻ ተነሳን። ወለቃን አልፈን ኮሶዬ ላይ ስንደርስ መሬቱ በስተግራ ድንገት ያልቃል፤ ከታች ያለው ቆላ በጭጋግ ተሞልቶ የተቀዳ ወተት መስሏል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ አንዲት ዶሮ በጋቢያቸው ውስጥ ይዘው ነበር። ዶሮዋ ከኔ በተሻለ ሁኔታ ተኝታለች።

ፍተሻ ላይ ወርደን ተሰለፍን። ፈታሹ ወጣት ቦርሳዬን ከፍቶ ገመዶቼን አንድ በአንድ እያወጣ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ደባርቅ ማዶ አንዲት ታብሌት እንቅልፍ እንዳጣችና ምክንያቱን ፍለጋ እንደምሄድ በሙሉ እውነት ነገርኩት። ወጣቱ ዐይን ዐይኔን አየኝና ገመዱን ቀስ አድርጎ መለሰ።

"ጋሼ፣ እርስዎንስ እንቅልፍ ይወስድዎታል?" አለኝ።

አምባ ጊዮርጊስ ለቁርስ ቆምን። የጥቅምት ብርድ እዚያ ላይ ጥርስ አለው፤ ሻይ ቤቷ በር ላይ ቆሜ ስስል የወጣው ትንፋሽ እስከ ዳባት ድረስ የተከተለን መሰለኝ። ትኩስ የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር በሠላሳ ብር በላሁ። ሁለት ሳህን ነው የገዛሁት፤ አንዱን ለሆዴ፣ ሌላውን ኪሴ ውስጥ ጨምሬ ለእጄ ማሞቂያ፣ ወቅን ስንደርስ ግን ማሞቂያዬንም በላሁት። ደባርቅ የገባሁት ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ዋናው መንገድ ዳር አንድ አልጋ ይዤ አንድ ብርድ ልብስ ብጠይቃት አራት ያመጣች ደግ ባለቤት አገኘሁ።

ረቡዕ፣ ከደባርቅ ወደ ላይ

ጠዋት አንድ አይሱዙ እስከ መገንጠያው አደረሰኝ። ከዚያ በእግር ነው። ዳገቱን ቀና ብዬ ሳየው ባርኔጣዬ ወደ ኋላ ወደቀ። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች የት እንደምሄድ ጠይቀው ነገርኳቸው፤ "ቅርብ ነው" አሉኝ። የደጋ ሰው "ቅርብ ነው" ሲል ለማጽናናት እንጂ ለመለካት አይደለም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጤና ኬላው ደረስኩ፤ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሩ ላይ ሕፃን ያዘሉ ስድስት እናቶች።

ባንቻምላክ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በነጭ ጋውኗ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ሕፃን ትመዝናለች። ስሜን ስነግራት ልጁን ከሚዛኑ አውርዳ ለእናቱ ሰጠችና ታብሌቷን ከመሳቢያ አወጣች። ሞታለች። አብሮ ከመሳቢያው የወጣው ደብዳቤ በአራት ታጥፎ ጠርዙ አልቋል፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነበብ ከጠርዙ ይታወቃል።

"ትናንት ማታ ሞልታ ነበር" አለችኝ። "አራት ሰዓት ላይ የእናቶቹን ቀጠሮ ልመዘግብ ስከፍት የለችም። ምነው ጋሼ፣ ምን አርጌያት ነው?"

በራስ መተማመን የተሞላ ሰው መሰልኩ። ከቦርሳዬ ፓወር ባንኬን አውጥቼ ሰካሁ፣ ታብሌቷ ነፍስ ዘራች፣ ላፕቶፔን አገናኘሁና የእንቅልፍ መዝገቧን ከፈትኩ። ይህ መዝገብ ታብሌቷ መቼ እንደተኛች፣ ካልተኛችም ማን ቀስቅሶ እንደያዛት በሰከንድ የሚጽፍ ነው። መዝገቡ እንደሚለው ባለፉት ቀናት ታብሌቷን እንዳትተኛ የያዛት ቻርጀሩ ነው። ገመድ ተሰክቶባታል፣ እየበላች ነው፣ ስለዚህ አልተኛችም ይላል። ከጎኑ ያለው መስመር ደግሞ በዚያው ሰዓት ባትሪው ሲወርድ ያሳያል። እየበላች ትከሳለች ማለት ነው። እኔ ከሠርግ ቤት ዳስ ስር ያላየሁት ነገር የለም፣ እየበላ የከሳ ግን አላየሁም።

ገመድ ተሰክቶባት ቀርቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እሷ ታብሌቷን ይዛ ቤት ለቤት እንደምትዞር፣ ገመዱ እሷ ዘንድ እንኳ እንደሌለ፣ የምታስሞላው ከላይ ጉብታው ላይ ሶላር ያላቸው አያ ደምለው ጋ እንደሆነ ነገረችኝ። እንግዲህ ወይ መዝገቡ ይዋሻል ወይ እሷ ትዋሻለች። መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ብርዱ ይሆን ብዬ ታብሌቷን ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ጤዛው ደርቆ ሰዓት አለፈ፤ ተኝታለች። ኔትወርክ ፍለጋ ስትባዝን ይሆን ብዬ ከኮረብታው ጀርባ፣ ምንም ሲግናል የሌለበት ገደል ስር ወሰድኳት፤ እዚያም ተኛች። በጋቢ ጠቀለልኳት፣ ዘቀዘቅኳት፣ አንዴ እንዲያውም ማንም በማያይበት "እባክሽ" ብያታለሁ። እንደ ባህታዊ ጸጥ ብላ ተኝታለች። እኔ በሄድኩበት ሁሉ ዕቃው ደኅና ነው፤ እሷ ስትይዘው ብቻ ይታመማል። የአመክንዮ ትምህርት የተማረ ሰው ከዚህ ምን ይደመድማል?

ደመደምኩ። ያውም በቀልድ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በእናቶች እንደተሞላ፣ ባንቻምላክ መርፌ እየወጋች፣ "ባንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ፊልሙ የሕንድ ነው የቱርክ?" አልኳት። ቀልዴ ማራኪ ላይ ቢሆን ሦስት ሰው ያስቅ ነበር። እዚህ አንዲት እናት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ወሬው ቀድሞ ቀበሌው ውስጥ እንደተዳረሰና የጎደለው የኔ ምስክርነት ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ባንቻምላክ መርፌውን ጨረሰች፣ ጥጡን ጣለች፣ እጇን ታጠበች። ከዚያ ታብሌቷን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"እርስዎው ጋ ትደር። ነገም እርስዎው ጋ ትዋል። እኔ ካልነካኋት ማን ፊልም እንደሚያይ ይታያል" አለችና ወደ ቀጣዩ ሕፃን ዞረች።

የዚያን ዕለት ሽሮ በገብስ እንጀራ ሰጥታኛለች። እንግዳ ጦሙን አያድርምና። ሽሮው ሸጋ ነበር። ጓዳው ውስጥ ባነጠፈችልኝ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ "ዕቃው ደኅና ነው" የምትለዋን መስመር በልቤ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ አያ ደምለው ጋ

ጠዋት ስነሳ ፓወር ባንኬም፣ ስልኬም፣ ላፕቶፔም አልቀው ነበር። ታብሌቷ ብቻ ሌሊቱን በሰላም ተኝታ ከግማሽ በላይ ይዛ ነቃች። አራቱንም ተሸክሜ ወደ አያ ደምለው ወጣሁ።

አያ ደምለው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጢማቸው የበግ ጠጉር የመሰለ ሽማግሌ ናቸው። ጣሪያቸው ላይ ሁለት የሶላር ሰሌዳ፣ ግድግዳቸው ስር አንድ የመኪና ባትሪ፣ ከባትሪው የሚወጡ አራት ገመዶች አሏቸው። የሰው ስልክ አጎዛ ላይ ተደርድሯል፤ ቆጠርኩት ብዬ ብዋሽ መቶ እል ነበር፣ ሃያ አይሞላም። አራት ገመድ ለሃያ አፍ። ስለዚህ አያ ደምለው አንዱን አጥግበው ሌላውን አያስርቡም። ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሰጥተው ያነሱታል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፣ ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ይዞራሉ። ማንም ሞልቶ አይሄድም፤ ማንም ባዶውን አይሄድም።

አጠገባቸው በርጩማ ተሰጥቶኝ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። የታብሌቷ ተራ ደረሰ። አያ ደምለው ገመዱን ሰኩ፣ ወዲያው ነቀሉ፣ ሰኩ፣ ነቀሉ፣ ሰኩና ተዉት። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። የሚቀጥለውንም ስልክ ልክ እንደዚያው።

መጀመሪያ ገመዱ የላላ መሰለኝ። በሦስተኛው ስልክ ላይ ጠየቅኳቸው፦ "አያ ደምለው፣ ምነው ሦስት ጊዜ?"

እንደ ሕፃን ልጅ አዩኝ።

"አንተ እናት የለህም? አንድ ጉርሻ ያጣላል። ሁለትም ቢሆን ጎዶሎ ነው። ስልክም ቢሆን የሰው ነው፤ ባለቤቱን ቅር አላሰኝም።"

"ለሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት?"

"ለሁሉም። የሲስተሯን ግን እስክትሞላ ድረስ በየዙሩ አልረሳም። የልጅ ልጆቼን ያዋለደች ናት።"

የዚህን ጊዜ ከጆሮዬ ጀርባ አንድ ነገር መሞቅ ጀመረ። ታብሌቷ ጉርሻዋን ስትጨርስ አያ ደምለው ነቅለው ሰጡኝ። ስክሪኗን አጥፍቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ገመድ የለም። ፊልም የለም። ባንቻምላክ ከኛ ግማሽ ሰዓት መንገድ ርቃ ሕፃን ትመዝናለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጭኔ ሞቀ። በዚያ ብርድ ሰው በሙቀት ሊደነግጥ ይችላል ብላችሁ አታምኑም።

ላፕቶፔ የራሱን ዙር እስኪያገኝ ድረስ የጠበቅኩት ጊዜ ከጎንደር የተጓዝኩትን ያህል ይረዝማል። ሲነሳ መዝገቡን ከፈትኩ። "ቻርጀር ተሰክቷል" ይላል፤ ገመዱ ግን እፊቴ በሌላ ሰው ስልክ አፍ ውስጥ ነው። ወደ ድራይቨሩ ገባሁና ከሁለት ዓመት በፊት በኩራት የጻፍኳቸውን መስመሮች አነበብኩ።

ታብሌቷ ገመድ በገባ ቁጥር አንድ ትደምራለች፤ በወጣ ቁጥር አንድ ትቀንሳለች፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ብቻ መተኛት ይፈቀድላታል። እስከዚህ ሸጋ ነው። እኔ ሊቁ ደግሞ፣ የላላ ገመድ እንዳያደናግራት ብዬ፣ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ መውጣትን ንቃ እንድታልፈው አዝዣታለሁ። መግባቱን ናቂው አላልኳትም። አያ ደምለው ጣ ጣ ጣ ሲሉ ሦስት መግባት ትቆጥራለች፤ በመካከል ያሉትን ሁለት መውጣቶች ትንቃለች፤ በመጨረሻ አንድ መውጣት ትቀንሳለች። ሁለት ይተርፋል። በሚቀጥለው ዙር አራት። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ታብሌቷ ማዕድ ላይ ያለች እየመሰላት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጨርሳ ስትሞት ብቻ ቁጥሩ ይጠፋል፤ ረቡዕ በኔ ፓወር ባንክ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰክታ እንደ ባህታዊ የተኛችው ለዚህ ነው። ማራኪ ላይ ሁለት ዓመት ስንፈትናት ከሦስታችን አንዳችንም ሦስት ጊዜ አላጎረስናትም። ስስታሞች ነን።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት እኔን ነው። ዳውላው ደግሞ ሕፃን እየመዘነ ነበር።

እዚያው በርጩማው ላይ ድራይቨሩን አስተካከልኩ። መቁጠሩን ትቶ ገመዱ ውስጥ አሁን ኃይል አለ ወይስ የለም ብሎ እንዲጠይቅ አደረግኩት፤ መጀመሪያውኑ እንዲህ መሆን ነበረበት። የባንቻምላክን ታብሌት አደስኩ፤ አያ ደምለው ስድስት ጊዜ አጎረሷት፤ ተኛች። አመሰግናለሁ ስላቸው ምን እንዳደረጉልኝ አልገባቸውም። እኔም ሳስረዳቸው ጥፋቱ የእሳቸው እንዳይመስላቸው ፈርቼ፣ ጉርሻዎን እንዳይተዉ ብቻ አልኳቸው።

ለባንቻምላክ ሁሉንም ነገርኳት። "ነገ ኮሚቴው ፊት ይህንኑ ይላሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። እላለሁ አልኩ።

ዓርብ፣ ደባርቅ

አብረን ወረድን። ቁልቁለቱን እሷ እንደ ፍየል፣ እኔ እንደ ተንከባላይ ድንጋይ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ትሁት ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ወረቀቴን ጠየቀ። ዕቃው ደኅና እንዳልነበረ፣ ጥፋቱም የኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ክፍሉ ውስጥ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ የተቀመጠ ሰው ከዚያ በፊት ያጋጠማቸው አይመስልም፤ ስለዚህ አላመኑኝም። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ለእሷ አዝነው እንደሆነ ይገባናል፤ ግን እኛ እውነቱን ነው የምንፈልገው" አለኝ። ስለ ሦስቱ ጉርሻ ስነግራቸው ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ሰው አምኖኝ፣ አንድ ቀን እውነት ይዤ ብቀርብ ቀልደኛ ተባልኩ።

ባንቻምላክ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ናት። ስትተነፍስ እሰማለሁ።

ከማራኪ ለመለዋወጫ ይዤ የመጣኋትን፣ ድራይቨሯ ገና ያልታደሰ ታብሌት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት አንድ ጊዜ ሰክቼ ነቀልኳት፣ ስክሪኗን አጥፍቼ ሰብሳቢው እጅ ላይ አስቀመጥኳት፣ ሌላ ጉዳይ ካላቸው እንዲቀጥሉ ለመንኳቸው። ስለ አጎበር ስርጭት ተወያዩ። ሲጨርሱ ታብሌቷ እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበረች። እንደገና ወሰድኳት፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣ፤ ነቅዬ ስክሪኗን አጥፍቼ መለስኩለት። ስለ ውሃ ጉድጓድ ተወያዩ። ውይይቱ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ሰብሳቢው ንግግሩን አቋረጠና መዳፉን አየ።

"ይቺ ምነው ሞቀች?" አለ።

ታብሌቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አምስቱም ዳሰሷት፤ የመጨረሻው እጁን እያሞቀባት ትንሽ አዘገያት። ባትሪዋን አዩ፤ ወርዷል። ሰብሳቢው ከፋይሉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ቀሪ አወጣ፣ አነበበው፣ "ማስጠንቀቂያው ይነሳ" ብሎ ከላዩ ላይ ጻፈና ፈረመ። ወደ ባንቻምላክ ዞሮም ይቅርታ አለ። ይቅርታው አጭር ነበር፤ ቢሆንም አለ።

ውጭ ስንወጣ ድል ላደረገ ሰው የሚሆን ጥሩ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝ። ጋቢዋን አስተካክላ፣ በአራት የታጠፈውን ደብዳቤ ለሁለት ቀደደችና ኪሷ ከተተችው።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች። "እኔን ለመጠርጠር ግን ይኸን ሁሉ ማስረጃ አልፈለጉም።"

ቀልዴን ዋጥኩት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችና፣ የቀጠሮ ቀናቸው የደረሰ ሁለት እናቶች እንዳሉ ነግራኝ ታብሌቷን በጋቢዋ ስር ይዛ ወደ አይሱዙዎቹ ሄደች። ወሬውን ከቀበሌው ሴቶች አፍ ማን ያንሳላት? ፊርማ እዚያ ድረስ አይወጣም። ይህን ያሰብኩት መኪናዋ ከተንቀሳቀሰች በኋላ ነው።

ቅዳሜ፣ ማራኪ

የመልሱ መንገድ አጭር ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሪፖርቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ብዙ ነገር አሁንም ግራ እንዳጋባኝ ነው፤ አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። ዕቃችንን የፈተንነው እኛ እንደምንሰካው ነው፤ ሰው እንደሚሰካው አይደለም። አንድ ሰው ዕቃው አልሠራልኝም ሲል፣ ሲጠቀምበት አጠገቡ በርጩማ ስቦ መቀመጥ ይቀድማል። እኔ የቀደምኩት በጥያቄ እንኳ አልነበረም፣ በቀልድ ነበር።

ክፍላችን ስደርስ የሥራ ባልደረባዬ ሰላም ሪፖርቱን ተቀብላ ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ጀመረች። "የችግሩ ምንጭ" የሚለው ሳጥን ላይ ስትደርስ ሳቀች። ከተዘረዘሩት ምርጫዎች፣ ከሃርድዌሩም ከተጠቃሚውም፣ አንዱንም ሳልነካ በእጄ ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ነበር።

"ጋሼ፣ ቀልዱን ትተው ይንገሩኝ፤ ምን ልሙላበት?" አለችኝ።

እንዳለ ሙዪው አልኳት። እስካሁን ፊቴን እያየች ነው።